ከናሙናው ቦክስ ሥር ለሚቀመጡት ሰብሳቢ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለክቡር አቶ አቤሴሎም ሙሉአለም
የጥድ ሥር የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማህበር የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ የማዕድ ቤቴን ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ለመክፈት ፈቃድ ስለመጠየቅ (ለአራተኛ ጊዜ)

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ ጀርባ በክብር የተሰቀለው የናሙና ቦክስ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ የተሟላ፣ ቢሮአችሁ የሞቀ፣ ማህተማችሁም ቀለም የማያጣ እንዲሆን ምኞቴ ነው። በእኛ በኩል፣ ከባለቤቴ ከወይዘሮ እህተማርያም ሁለት ጣቶች በቀር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ደህና ነው።

ሦስት ጊዜ ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ሦስቱንም ጊዜ «ማን ልበል?» ስለተባልኩ፣ ራሴን እንደገና ማስተዋወቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም። ኃይለሚካኤል ፍሬው እባላለሁ፤ የአባልነት ቁጥሬ አርባ አንድ ነው፤ በዚሁ በሆሳዕና ተወልጄ በዚሁ በሆሳዕና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከእርስዎ ልጆች አንዱን አስተምሬያለሁ፤ ጎበዝ ነበር፤ ካርታ ላይ ያለውን ከመሬቱ ጋር ማስተያየት ይወድ ነበር።

ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤዎች ጽፌልዎታለሁ። የመጀመሪያው «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ «አደጋ» ብዬ በመጻፌ፣ መዝገብ ቤቱ ደግሞ አደጋ የሚባል ፋይል ስለሌለው፣ በአክብሮት ተመልሶልኛል። ሁለተኛው ተቀባይነት አግኝቶ ገብቷል፤ ከገባ ወዲህ ግን ያየው ሰው የለም። ሦስተኛውን ጸሐፊዎ ወይዘሪት ትርሲት በሁለት እጃቸው ከተቀበሉኝ በኋላ እርስዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገሩኝ፤ እኔም ስወጣ በመስኮቱ በኩል ብቻዎን ተቀምጠው አየሁዎት። ብቻውን ሆኖ ስብሰባ መምራት የሚችል ሰብሳቢ ያለው ማህበር የታደለ ማህበር ነው። ስለዚህ ይህን አራተኛውን ደብዳቤ በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍን መረጥሁ፤ እርስዎ ጊዜ ባያገኙ እንኳ፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ጎረቤት ቆሞ ያነብልኛል።

ለዚያ ዳቦ ሊገዛ ለወጣው ጎረቤት ስል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ የሚሄደው በፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦው ሶኬቱ ወይም ማብሪያው የሚቀመጥበት ቦክስ ዘንድ ሲደርስ፣ በቦክሱ ጎን ባለች ክብ ቀዳዳ በኩል ይገባል። ቦክሱ ብረት ከሆነ የዚያች ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ተከፈተ የቆርቆሮ ክዳን ስለታም ነው። በዚህ ምክንያት ቱቦውን ከውጭ ጨብጣ የምትይዝ፣ ከቦክሱ ውስጥ ደግሞ ተጠምዝዛ የምትጠብቅ፣ አፏ የለሰለሰ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ትገባለች። የቤቴን ሽቦ የዘረጋው ፈትሁዲን የተባለው ባለሙያ «አንገት» ይላታል፤ እኔም ከእሱ ተምሬ አንገት እላታለሁ። ከእርሷ ሌላ፣ በብረት ቦክስ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት የመሬት ሽቦ በብሎን ትታሰራለች፤ ምናልባት ሌላው ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በእርሷ በኩል ወደ መሬት ሄዶ ብሬከሩን እንዲጥለው ነው። እርሷ ከሌለች መንገዱ በሰው በኩል ይሆናል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው፤ ወንዝና ተራራ ለማስተምረው ለእኔ እንኳ በአንድ ከሰዓት ገብቶኛል።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ወይም እርስዎ በስብሰባ ላይ ማለት እንደሚወዱት «አስተያየቶቼን»፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ብረቱ ቦክስ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት በጎረቤቴ በወይዘሮ ሃቢባ ቤት አንድ የፕላስቲክ ቦክስ ቀለጠ። ፈትሁዲን አይቶት የቀለጠው የሶኬቱ ብሎን ላልቶ ሽቦው ስለጋለ መሆኑን፣ መድኃኒቱም ካቻቢቴ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ኮሚቴዎ ግን ከዚህ ይልቅ ሰፋ አድርጎ በማሰብ በማህበሩ ስልሳ አራት ቤቶች ውስጥ የፕላስቲክ ቦክስ እንዳይገባ ወሰነ፤ የብረት ቦክሶችንም በአንድ አይሱዙ ጭነት አስመጣልን። ቦክሶቹ መጡ፤ አንገቶቹ አልመጡም። በግዢው ዝርዝር ውስጥ አልተጻፉማ። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በማህበራችን ውስጥ እንደሌለ ብቻ ሳይሆን እንደተከለከለ መቆጠሩን በኋላ ተረዳሁ።

2ኛ. ናሙናውን በተመለከተ ያለኝን አድናቆት በቃላት መግለጽ ይቸግረኛል። ሥራው በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት እንዲሆን ብላችሁ፣ በነጭ ቀለም በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ አንድ የብረት ቦክስ አስመትታችሁ፣ አንድ ቱቦ ከላይ፣ አንድ ቱቦ ከታች ጥብቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ከራስዎ ከፍ አድርጋችሁ ሰቅላችሁታል። ያምራል። ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ቦክሱ ያበራል። ሽቦ ብቻ የለበትም። በመሆኑም ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ማንንም ነዝሮ አያውቅም፤ ደህንነቱም በዚሁ ተረጋግጧል። መመሪያችሁ በአንቀጽ ዘጠኝ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሥራ «በሁሉም ነገር ናሙናውን መምሰል አለበት» ይላል፤ ሰባት ወር ሙሉም ስልሳ ሦስት ቤት ሽቦ የሌለበትን ነገር እየመሰለ ሽቦ ሲገባበት ኖሯል። በነሐሴ ወር ደግሞ ከዱራሜ የአንድ ማህበር አባላት ለልምድ ልውውጥ መጥተው ናሙናውን ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንሥተው ሄደዋል። ዱራሜ የሚኖሩ ወዳጆቼን በስልክ ለማስጠንቀቅ ሞክሬ ነበር፤ እነሱ ግን ፎቶው በጣም ግልጽ ሆኖ መውጣቱን በደስታ ነገሩኝ።

3ኛ. የኮሚቴዎን ተቆጣጣሪ አቶ ነህምያን አልወቅስም፤ ትሑት ሰው ናቸው፤ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ይጠርጋሉ። በአሠራራችሁ መሠረት ልስን ከመለሰኑ በፊት ከየቤቱ አንድ ክፍል ይመለከታሉ፤ ከእኔ ቤት የደረሳቸው ማዕድ ቤቱ ነበር። ፈትሁዲን አንገቶቹን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ነበር፤ የአውቶቡስ ረዳት በካልሲ ጠቅልሎ አምጥቶለት መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተቀብሏቸዋል። በየቦክሱ ላይ አስገብቷቸው፣ የመሬት ሽቦውንም አሥሮ፣ ሥራውን እንደ ሙሽራ ቤት አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። አቶ ነህምያ በስልካቸው ላይ ያለውን የናሙናውን ፎቶ ከግድግዳው ጋር እያስተያዩ ቆዩና በቅጹ ላይ «በናሙናው ላይ የሌሉ ሁለት ባዕድ ነገሮች ተገኝተዋል» ብለው ጻፉ። አንዱ ባዕድ አንገቷ ናት፤ ሌላው የመሬት ሽቦዋ።

ፈትሁዲን አልተቆጣም። አንድ ባዶ ቦክስ አንሥቶ፣ ቁራጭ ሽቦ በቀዳዳው አስገብቶ አሥር ጊዜ ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳበው፤ ከዚያ የሽቦው ላስቲክ ተልጦ መዳቡ መውጣቱን አሳያቸው። አቶ ነህምያ በጥሞና ተመለከቱ፤ በጣታቸው ነኩት፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የማህበራችንን አሠራር ከዚህ በተሻለ የገለጸ ሰው አልሰማሁም፦ «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ግን ናሙናው ላይ የለም።»

4ኛ. ይህ ቁጥር በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ የቀረበ ቅሬታ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያርፉ ደስ ይለኛል።

በኪራይ የምንኖርበት ቤት ባለቤት ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ ሊያገባ ስለሚመጣ ከመስቀል በፊት እንድንለቅላቸው በጨዋነት ጠይቀውን ነበር። ቀኑ እየቀረበ ሄደ። ያለ እናንተ ማረጋገጫ ደግሞ ቆጣሪ አይገባም። ፈትሁዲንን ለዳግመኛው ምርመራ ያህል ብቻ የማዕድ ቤቱን አንገቶችና የመሬት ሽቦ እንዲያወጣ፣ ተቆጣጣሪው ሲሄዱ እንዲመልሳቸው ለመንኩት። ፒንሳውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በገዛ እጄ አላደርገውም» አለኝና እህተማርያምን ተሰናብቶ ሄደ። እኔ ግን አደረግሁት። በዚያው ፒንሳ ሁለቱን አንገቶች ነቀልኩ፤ የመሬት ሽቦዋን ፈትቼ አጥፌ ወደ ቱቦው ውስጥ መልሼ ሸሸግኋት፤ ቱቦዎቹን ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ወተፍኳቸው። ራቅ ብዬ ሳየው ቁርጥ ናሙናውን መሰለ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ኮራሁ።

ያላወቅሁት ነገር አንቀጽ አሥራ አንድ ነበር። አንዳንድ አባላት ከምርመራ በኋላ ሥራውን «ስለሚያበላሹት»፣ የጸደቀ ቦክስ ተቆጣጣሪው ባሉበት ዙሪያው ይለሰናል፣ ከበላዩም ቀይ ነጥብ ይቀባል ይላል። አቶ ነህምያ አዩ፤ አጸደቁ፤ ለሳኙ ጠና ተጠራ። ጠና የሞርሲቶ ሰው ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ከእጁ ይበልጥ ይፈጥናል። አንገቶቹ በደረት ኪሴ ውስጥ አብጠው እንደሚታዩ አይቷል። ማንኪያውን አንሥቶ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ቲቸር፣ ልዝጋው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «ዝጋው» አልኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ቀዩ ነጥብ ሲቀባ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

5ኛ. መስከረም 13 ቀን ገባን። መስቀልን በአዲሱ ቤት ዋልን፤ ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ወይዘሮ ሃቢባም ማር ይዘው መጡ፤ የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ያላደነቀ ሰው አልነበረም። ሽቦው ግን እዚያው ውስጥ፣ ቤቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ሶኬቱ በተነቀለና በተሰካ ቁጥር፣ በብረቱ ጠርዝ ላይ እየተሻሸ ነበር።

ጥቅምት 6 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ከትምህርት ቤት መጥቼ ተቀምጬ ሳለ ሳህን ሲወድቅ ሰማሁ። እህተማርያም ዕቃ አጥባ፣ እጇን በደንብ ሳታደርቅ፣ የሻይ ማፍያውን ልትሰካ ስትል ሶኬቱን ከብረቱ ቦክስ ጋር የሚይዘውን የፊት ብሎን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣቷ ነክታለች። ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቴ ጮክ ብላ የማትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀንም አልጮኸችም፤ ምድጃው ላይ ያለው ወጥ እንዳያርር እንዳወርደው ብቻ ነገረችኝ። ብሬከሩ አልወረደም። እንዲወርድ የምታደርገዋ ሽቦ ቱቦ ውስጥ ታጥፋ ተኝታለች፤ ያጠፍኳትም እኔ ነኝ።

እህተማርያም መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሱቋ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። ማሽን ብዙ ሰው አለው፤ እርሷ የምትታወቀው የአዝራር ቀዳዳ በእጇ በመጥለፏ ነው። ሐኪሙ የሁለቱ ጣቶች ነርቭ እንደተጎዳ፣ በወራት ውስጥ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነግሮናል። አሁን መርፌ ስትይዝ መርፌው አይሰማትም። እንደወጋት የምታውቀው ጨርቁ ላይ ደም ስታይ ነው። ክቡር ሆይ፣ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዴት አድርጌ በትሕትና እንደምጽፋት አምስት ሳምንት አስቤ አልሆነልኝም፤ እንዲሁ ይቀበሉኝ።

ፈትሁዲን በዚያው ቀን ሰምቶ መጣ። ቴስተሩን የሶኬቱ ብሎን ላይ ሲያደርገው በራ። «ብዬ ነበር» አላለም። ማዕድ ቤቱን ከዋናው ብሬከር ነጠለና «አንገቶቹ የት አሉ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እህተማርያም ከኪሴ አግኝታ ከአዝራሮቿ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ግድግዳው በአንድ ስንዝር ካልተከፈተ በቀር ቱቦውን ወደ ኋላ ስቦ አንገቷን ማስገባት፣ የተላጠውንም ሽቦ መለወጥ እንደማይቻል አስረዳን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በከሰል ደጅ ላይ ነው የምናበስለው።

6ኛ. አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ቀይ ነጥብ ያለበት ግድግዳ ያለ ኮሚቴው ደብዳቤ ከተከፈተ የአባሉ ስም ለቤት ይዞታ ካርታ ከሚተላለፈው ዝርዝር እንደሚወጣ በመመሪያው ተጽፏል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅነው ካርታ ስለሆነ ደብዳቤውን በደንቡ ለመጠየቅ ቆረጥሁ። የማመልከቻ ቅጹ ላይ ግድግዳ ለመክፈት የሚያበቁ ሦስት ምክንያቶች ታትመዋል፦ የውሃ መፍሰስ፣ የልስን መሰንጠቅ፣ እንዲሁም «ሥራው ከናሙናው ጋር አለመመሳሰሉ ሲረጋገጥ»። ማዕድ ቤቴ ውሃ አያፈስም። ልስኑ፣ ጠና ይመስገንና፣ አልተሰነጠቀም። ሦስተኛውን ለማጣራት አቶ ነህምያ እንደገና መጡ፤ የእህተማርያምን እጅ አዩ፤ በጣም አዘኑ፤ ፎቶአቸውንም አውጥተው ካስተያዩ በኋላ «ቦክሱ ከናሙናው ጋር ሙሉ በሙሉ ይመሳሰላል፤ በመሆኑም ጉድለት የለበትም» ብለው ፈረሙ። ሲወጡ እንደ ወንድም መከሩኝ፤ ማዕድ ቤት ስንገባ የላስቲክ ጫማ እንድናደርግ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የእኔ ቤት ከሁሉም የተሻለው ቤት መሆኑን አልዘነጋሁም። በሌሎቹ ክፍሎቼ ውስጥ አንገቶቹም የመሬት ሽቦዎቹም እንዳሉ ናቸው፤ ያልታየው ክፍል ሁሉ ደህና ነው። የተመረመረውና የጸደቀው አንዱ ብቻ ነው የሚገድለው። ሌሎቹ ስልሳ ሦስት ቤቶች ግን ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ናሙናውን ይመስላሉ። ወይዘሮ ሃቢባ ይህን ከሰሙ ወዲህ በየሶኬቱና በየማብሪያው ብሎን ላይ ናስትሮ ለጥፈዋል፤ ቤታቸው ሁሉ የቆሰለ ይመስላል። ባለፈው እሑድ እኔን ሲያገኙኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ናስትሮው ሲረጥብ ይለቅ እንደሆነ። ይለቃል።

ክቡር አቶ አቤሴሎም፣ ፈቃዱን ባይሰጡኝም አልቀየምዎትም። እርስዎ ጠንቃቃ ሰው ነዎት፤ የእኔን አንድ ስንዝር ቢፈቅዱ ናሙናው ተሳስቷል ማለት ይሆናል፤ ናሙናው ከተሳሳተ ደግሞ የስልሳ አራት ቀይ ነጥቦች ነገር ይነሣል። እኔም አንድ ቀን «ዝጋው» ያልኩ ሰው ነኝና፣ ቀላሉን ቃል መናገር ምን ያህል እንደሚቀል አውቃለሁ። ስለዚህ ልመናዬን በዚሁ አቁሜ ወደ ማሳወቅ እሻገራለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የማዕድ ቤቴን ግድግዳ በመሮ እከፍታለሁ። ፈትሁዲን ሽቦውን ይለውጣል፤ አንገቶቹን ያስገባል፤ የመሬት ሽቦዋንም ያሥራል። ጠና ልስኑን ሊመልስ ቃል ገብቷል፤ በዚህ ጊዜ ሳይጠይቀኝ እንደማይዘጋ፣ እኔም ተጠይቄ ዝም እንደማልል ተስማምተናል። ስሜን ከካርታው ዝርዝር ለማውጣት አመቺ እንዲሆን ሙሉ ስሜን፣ የአባልነት ቁጥሬንና ሰዓቱን ከላይ በግልጽ ጽፌያለሁ። አቶ ነህምያ ቀዩን ቀለም ይዘው ቢመጡ የተከበሩ እንግዳችን ናቸው። እስከ ትናንት ድረስ አሥራ አንድ ጎረቤቶች መሮውን ከእኔ ቀጥለው ለመዋስ ስማቸውን ያስመዘገቡ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ በእስክሪብቶ መጨመር ይቻላል።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ለብረቱ፣ ለፎቶው፣ ለቀዩ ነጥብና ለላስቲክ ጫማው ምክር ያለኝን ምስጋና ደግሜ እያቀረብኩ፣ ዘመነ ሰብሳቢነትዎ የተባረከ፣ ከሽቦም የራቀ እንዲሆን የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ፣
ኃይለሚካኤል ፍሬው
የአባልነት ቁጥር 41 (እስከ ቅዳሜ)

ግልባጭ፦
— ለወይዘሮ ሃቢባ እና ለቀሩት ስልሳ ሁለት ቤቶች
— ከዱራሜ መጥተው ፎቶ ላነሡት እንግዶቻችን
— «አደጋ» ለሚባለው ፋይል፣ የተከፈተ ዕለት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ለማስገባት ቢሮዎ ደርሼ ነበር። ወይዘሪት ትርሲት በደስታ ተቀብለው አንድ የምሥራች ነገሩኝ፤ ለአዲሱ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሶኬት ስላልበቃ፣ ናሙናው ግድግዳው ላይ ያለ ሥራ ከሚቀመጥ ተብሎ በቱቦዎቹ ሽቦ ገብቶበት፣ ሶኬት ተገጥሞበት ከሰኞ ጀምሮ እየሠራ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየሁት። ምንም ነገር አልተጨመረበትም፤ በሁሉም ነገር ናሙናውን ይመስላል። እርስዎም ወደ ኋላ ዘንበል ብለው፣ በአንድ እጅዎ የሻይ ብርጭቆ ይዘው፣ ሳያዩ በሌላው እጅዎ ማሽኑን ሊሰኩ ቦክሱን ሲዳብሱ ነበር። ደብዳቤዬ መጀመሪያ ላይ ጤናዎን የጠየቅሁት ለወጉ ያህል ነበር፤ አሁን ግን ከልቤ እጠይቃለሁ። ከዚህ ጋር በተያያዘው ፖስታ ውስጥ ከማዕድ ቤቴ የነቀልኳቸውን ሁለቱን አንገቶች ያገኛሉ፤ ለቅዳሜው ፈትሁዲን ሌላ አለው። ይላኩላቸው ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከአዝራሮቿ መካከል በግራ እጇ ለቅማ ያወጣቻቸው እህተማርያም ናት። ናሙናው ላይ ስለሌሉ ኮሚቴው ሳይወስን ሊጠቀሙባቸው እንደማይችሉ አውቃለሁ። እስክትወስኑ ድረስ ግን፣ እባክዎ፣ እጅዎን ያድርቁ።